እግረኛ ጦር ማን ይላክ? የዩክሬን ወዳጆች ያልተግባቡበት ጥያቄ

ገንዘብ ሲባል አዎ። ታንክ ሲባል ትንሽ ተንገራግረው አዎ። "ወታደሮቻችሁንስ?" ሲባል ግን ሁሉም ወደ ጎን ይተያያል። ዩክሬንን የሚደግፉ አገራት ነገር እንዲህ ሆኗል። ለምን? እስቲ አብረን እንየው።

ፌብሩዋሪ 26/2024 የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ማክሮን ፓሪስ ላይ "እግረኛ ጦር የመላክ ጉዳይ ከወዲሁ ዝግ መሆን የለበትም" የሚል ሀሳብ አነሱ። በማግስቱ የጀርመኑ መራሄ መንግስት ሾልዝ ከአውሮፓም ሆነ ከኔቶ አገራት የሚላክ ጦር የለም አሉ። ዋሽንግተንም አልልክም አለች። የሩሲያ ጎረቤት የሆነችው ፖላንድም እንደዚያው።

ፍርሃት ብቻ ነው ብለን ማለፍ እንችል ነበር። ግን ሌላም ምክንያት አለ። የኔቶ አንቀጽ 5 የሚጠብቀው የአባል አገራትን ግዛት ነው፤ ዩክሬን ደግሞ አባል አይደለችም። እዚያ አንድ የፈረንሳይ ወታደር ቢገደል ሌሎቹ አጋሮች አብረው የመዋጋት ግዴታ የለባቸውም። ስለዚህ ቀድሞ የሚገባው አገር "እኔ ብመታ ከኋላዬ ማን አለ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በተለይ ከፊት ያለው ኒውክሌር የታጠቀ አገር ሲሆን።

ይሄ ክርክር አዲስ አይደለም። በ1999 ኔቶ በኮሶቮ ጉዳይ ዩጎዝላቪያን መደብደብ ሲጀምር ቢል ክሊንተን በመጀመሪያዋ ምሽት እግረኛ ጦር ለውጊያ የማስገባት ሀሳብ እንደሌላቸው በቴሌቪዥን ተናገሩ። የእንግሊዙ ቶኒ ብሌር ግን ምርጫው ክፍት ይሁን ብለው ወጥረው ያዙ። ጀርመን በፍጹም አለች። ክሊንተንን የተቹ ሰዎች ነጥብ ግልጽ ነበር፤ የማታደርገውን ነገር ለጠላትህ ቀድመህ ከነገርከው፣ ምን ያህል መታገስ እንዳለበት ነገርከው ማለት ነው። ድብደባው 78 ቀን ፈጀ። የኔቶ ጦር ኮሶቮ የገባው ቤልግሬድ ከተስማማች በኋላ ነው፤ አሜሪካኖችም አብረው ነበሩ።

አሁን ወደ ዩክሬን እንመለስ። በ2025 ጥያቄው መልኩን ቀየረ። እንግሊዝና ፈረንሳይ የሚመሩት "የፈቃደኞች ጥምረት" ጦር የሚልከው ተኩስ ከቆመ በኋላ ነው ተባለ። ሴፕቴምበር 4 ላይ ማክሮን 26 አገራት በምድር፣ በባህር ወይም በአየር ለመሳተፍ ቃል ገብተዋል አሉ። ጣሊያንና ፖላንድ ግን ዩክሬን ውስጥ ወታደር አናስገባም ብለዋል። ትራምፕም የአሜሪካ እግረኛ ጦር አይኖርም ብለው ነበር። በማግስቱ ፑቲን፣ ዩክሬን ውስጥ የሚገኝ የውጭ ጦር ህጋዊ ኢላማችን ነው አሉ።

እንግዲህ በእኛ እይታ ትልቁ ችግር እዚህ ጋ ነው። "ተኩስ ሲቆም እንገባለን" ማለት የበሩን ቁልፍ ለሞስኮ መስጠት ነው። ሩሲያ የምዕራባውያንን ጦር ዩክሬን ውስጥ ማየት ካልፈለገች ማድረግ ያለባት ተኩሱን አለማቆም ብቻ ነው። ሰላም ለማስጠበቅ የተገባው ቃል ራሱ ሰላሙን ሊያዘገየው ይችላል። "ታዲያ አሁኑኑ ይግቡ" ማለትም ቀላል አይደለም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንደሚባለው፣ በሰው ልጅ ጀግና መሆን ለማንም አይከብድም።

ስለዚህ ዜናው ላይ "26 አገራት" የሚል ስታዩ ቁጥሩን ለጊዜው ተዉትና ሶስት ነገር ጠይቁ። ከ26ቱ ወታደር በምድር የሚያስገባው ማን ነው? ከተተኮሰበት መልሶ እንዲተኩስ ተፈቅዶለታል? አሜሪካስ ያኔ ምን ልታደርግ በጽሁፍ ፈርማለች? ሶስቱ መልስ እስኪያገኙ ድረስ ኪየቭ እጇ ላይ ያለው ቃል እንጂ ጦር አይደለም።

እናንተስ? ሞስኮን የሚያስቆመው ቀድሞ መግባት ነው ወይስ መጠበቅ? ኮመንት ላይ እንወያይ።