ኮምፒውተሩ ምን አጠፋ?
ቪዲዮ የሚሠራ ወጣት «ፋይሉን ማሳነስ ሌሊቱን ሙሉ ፈጀብኝ» ባለ ቁጥር የሚሰጠው መልስ «አዲስ ኮምፒውተር ግዛ» ነው። ይህ ምክር ሳይሆን ንግድ ነው! ኢንቴል ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኞቹ የቤት ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ክዊክ ሲንክ የተባለ የቪዲዮ መጭመቂያ አስገብቷል። ባለቤቱ ከፍሎበታል፤ ግን አያውቀውም። በነጻው ሀንድብሬክ ላይ ኢንኮደሩን መቀየር ብቻ ነው።

እርግጥ ፋይሉ በተመሳሳይ ጥራት ይወፍራል። ዳታ ቆጥሮ የሚገዛ ሰው በኤክስ264 ይቆይ፤ ፍጥነቱን ግን ወደ «ሚዲየም» ይመልሰው። የመጨረሻውን ዝግተኛ ደረጃ እኮ ሠሪዎቹ ራሳቸው «ፕላሲቦ» ብለውታል፤ ከረሜላን መድኃኒት ነው ብሎ እንደ መስጠት! በስልክ ለሚታይ ቪዲዮስ 4ኬ ምን ይሠራል? ወደ 1080 ሲወርድ የነጥቦቹ ብዛት ሩብ ይሆናል።

መብራት 90 በመቶ ላይ ሲጠፋ ከዜሮ የሚጀምረው ወጣቱ ነው፤ ሻጩ አይደለም።