የአያት ጨዋታ፣ የቤት እርሾ



የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ተፈጽመው፣ የዓርቡ ስግደትና ጉልባን አልፎ፣ ቅዳሜ ቄጤማው በግንባር ላይ ከታሰረ በኋላ የክርስቲያን ቤት ሁሉ የሚጠብቀው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የዶሮው ጩኸት፣ ሁለተኛው የዶሮው ወጥ። በእኛ ቤት ግን ሦስተኛም አለ። ይኸውም የአያታችን ጨዋታ ነው።

አያታችን የሚኖሩት በሰሜን ወሎ፣ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በመርሳ ከተማ ነው። መርሳ ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴው መንገድ ላይ ትገኛለች። ለበዓል ከወልድያም ከአዲስ አበባም ተሰባስበን ስንደርስ ገና ቦርሳችንን ሳናወርድ፣ «አዲስ አበባ ሰው ይበላል እንጂ ሰው አያበላም መሰለኝ፤ ምነው እንዲህ ከሳችሁ?» ብለው ይቀበሉናል። አንድ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ተበልታ የተዘጋጀች የበረዶ ዶሮ ይዞ ቢመጣ፣ እያገላበጡ አይተው፣ «ይህችስ ከማን ጋር ተጣልታ ነው ልብሷን የገፈፏት?» አሉ።

የፋሲካው ዶሮ እንደ ሥርዓቱ 12 ብልት ይወጣዋል። ፈረሰኛው ለአባወራው ይለያል። የቀረነው ስንቆጠር ግን ብልቱ አይበቃንም። በዚህ ጊዜ አያታችን ጭልፋቸውን ይዘው፣ «ዶሮዋ የሐዋርያትን ቁጥር አውቃለች፤ የእኔን የልጅ ልጆች ቁጥር ማን ይንገራት?» ይላሉ። ሁላችንም እንስቃለን። ሳቁ ሳያበቃ እርሳቸው ትልቁን ብልት ለሁለት ከፍለው፣ እንቁላሉን በክር ሰንጥቀው ለሁሉም አዳርሰዋል። ስለ መካፈል አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ልጆቹ ግን ትምህርቱን ይዘውታል።

የዛሬው ጽሑፋችን ቁም ነገርም ይኸው ነው። የአያትን ጨዋታ እንደ ጊዜ ማሳለፊያ፣ አንዳንዴም «የአሮጊት ወሬ» እያልን እናልፈዋለን። ነገር ግን አንድ ቤት ማንንም ሳያሳፍር የሚገሥጸው፣ ማንንም ሳያሰለች የሚያስተምረው በዚህ ጨዋታ ነው።

በሀብሩ ወረዳ፣ በስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ማዕከሉ ድርቅ ለሚያጠቃው ቆላ ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎችን ሲያወጣ ኖሯል። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኃብ በዓይናቸው ያዩት አያታችን ቶሎ የሚደርስ እህል አያጣጥሉም። የአገዳውን ማጠር አይተው ግን፣ «ለከብቱ ቀለብ፣ ለልጁ ጥንቅሽ ከየት ሊመጣ ነው?» ማለታቸው አልቀረም። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዱ አቦሉን ፉት ብሎ ለመሄድ ሲነሣ፣ «አንተም እንደ ዘንድሮው ማሽላ ቶሎ ደረስክ፤ አገዳህ ግን አጠረ» አሉት። ልጁ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ቶናውንና በረካውን ጠጥቶ፣ ተመርቆ ሄደ። ብንቆጣው ኖሮ ይቀመጥ ነበርን?

የአያት ጨዋታ የሚያስፈልገው ለደግ ቀን ብቻም አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን ሲያዳርስ ከቤታችን ወጥተን ነበር። በ2014 ዓ.ም. በገና ሰሞን ስንመለስ ከዕቃው ብዙው ጠፍቷል፤ የቡኾ ዕቃው ተሰብሮ እርሾው ከመሬት ደርቋል። ከእኛ ቀድመው የተመለሱ ሙስሊም ጎረቤታችን ይህን ሰምተው፣ ከራሳቸው ቡኾ እርሾ በጣሳ ቀድተው መጡ። አያታችን ተቀበሏቸውና፣ «ልጆቻችን ተጋብተው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ እንጀራችን ተጋባ!» አሉ። ከተመለስን ወዲህ በዚያ ቤት የተሰማው የመጀመሪያው ሳቅ ያ ነበር። ዛሬም በፋሲካ ገበታችን ላይ የሚቀርበው እንጀራ የዚያ እርሾ ዘር ነው።

እርግጥ ነው፣ እርሾም ሲበዛ ያጎመዝዛል። ቀድሞ የነበረው ሁሉ ይቀጥል ማለታችን አይደለም። ይህንንም የነገሩን ራሳቸው ናቸው። «ሲድሩኝ የወተት ጥርሴን ገና አልጨረስኩም፤ ሙሽራ ናት ሲሉኝ እኔ የማስበው ስለ አሻንጉሊቴ ነበር» ብለው ያስቁንና፣ ቀጥለው የልጅ ልጃቸውን፣ «አንች ግን ደብተርሽን አንሺ» ይላሉ። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ በእኛ ቤት ሕጉን ለልጆች ያስረዳው ግን ይህ የአያት ቀልድ ነው።

ከቤታችን አንዷ እናት ዓረብ አገር ናት። በአካባቢያችን እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። በበዓል ቀን በስልኩ መስተዋት ላይ ፊቷ ብቅ ሲል አያታችን መስተዋቱን ይስሙታል። መስመሩ ሲቋረጥ ደግሞ፣ «የስልክ እንግዳ ክፉ ነው፤ ብላ ቢሉት አይበላ፣ ሂድ ሳይሉት ይሄዳል» ይላሉ። ከዚያም ከወጡ ለይተው ያስቀመጡትን አንድ እንቁላል አውጥተው ለልጅቱ ያጎርሷታል። «የእናትሽን ድርሻ ብይላት» ይሏታል። በዚህ ጊዜ የሚስቅ የለም፤ የሚያለቅስም የለም። ልጅቱ ግን እናቷ በዚያ ገበታ ላይ ድርሻ እንዳላት አውቃ ታድራለች።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፣ በዚህ በዓል አያቶቻችንን ጉልበት ስመን፣ ምርቃት ተቀብለን ብቻ ወደ ቴሌቪዥኑና ወደ ስልኩ አንዙር። ቢያንስ አቦል ተቀድቶ በረካ እስኪጠጣ ድረስ ቤቱ የእርሳቸው ይሁን። ልጆች ይጠይቁ፤ አያቶች ይጫወቱ፤ እኛም እንስማ። እርሾ ከቡኾው ላይ ተቀንሶ ካልተቀመጠ ለነገው እንጀራ ከየት ይመጣል? ጎረቤት እርሾ ያበድራል፤ የገዛ አያትን ጨዋታ ግን የሚያበድር ጎረቤት የለም።

መልካም የትንሣኤ በዓል!