ድምፅ የሌለው ካሜራ ወይስ «ቀጭ» የሚለው?

አንድ ወጣት አንባቢያችን እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ዕቁብ ደርሶኛል። ካሜራ ገዝቼ ሠርግና ምረቃ እያነሳሁ ራሴን ልቻል ብያለሁ። ዓይኔ ያረፈው ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 ላይ ነው። የመጀመሪያውን ልግዛ ወይስ ሁለተኛውን? ጓደኞቼ ‹አዲሱ እያለ አሮጌው ምን ያደርግልሃል? አዲሱ ደግሞ ድምፅ እንኳን የለውም› ይሉኛል።»

ወንድሜ፣ እንኳን ዕቁቡ ደረሰህ! ብሩ ከእጅህ ሳይወጣ ግን ስለ ሻተር እናውራ።

ሻተር ማለት ለካሜራው ብርሃን ከፍቶ የሚዘጋ በር ነው። ሜካኒካሉ በሴንሰሩ ፊት የሚሮጡ ሁለት መጋረጃዎች አሉት፤ «ቀጭ» የሚሉት እነሱ ናቸው። ኤሌክትሮኒኩ መጋረጃ የለውም። ሴንሰሩ ራሱ ምስሉን መስመር በመስመር ያነበዋል። ድምፅ የለ፣ የሚያረጅ ዕቃ የለ!

ታዲያ ዝምተኛው አይሻልም ትል ይሆናል። ችግሩ፣ ሴንሰሩ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ ይወስዳል። በዚያች ቅጽበት ሙሽራዋ እስክስታ ከወረደች ትከሻዋ ይንጋደዳል፤ ከበሮ የሚመታው እጅም ይጣመማል።

የባሰው የአዳራሽ መብራት ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ ፍሎረሰንትና አንዳንድ ኤልኢዲ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። እኛ አናየውም፤ መስመር እየቆጠረ የሚያነበው ሴንሰር ግን ያየዋል። ነጩ ቬሎ ላይ ሽንትር በሽንትር ሆኖ ይወጣል። ፍጥነቱን ወደ 1/100 ወይም 1/50 ብታወርደው ሽንትሩ ይቀንሳል፤ የሚጨፍረው ሰው ግን ይደበዝዝብሃል። «በፍላሽ አነሳለሁ» እንዳትል፣ በተለመደው ሴንሰር ከኤሌክትሮኒክ ሻተር ጋር ፍላሽ ወይ ጭራሹኑ አይሠራም፣ ወይ የሚሠራው በጣም በዘገየ ፍጥነት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የመጀመሪያው ዜድቪ-ኢ10 ሁለቱንም ሻተር ይዟል። በ2024 የወጣው ሁለተኛው ግን ሜካኒካል ሻተር የለውም። ሥራህ ቪዲዮ ብቻ ከሆነ ግድ የለህም፣ አዲሱን ውሰድ፤ ቪዲዮ ሲቀረጽ መጋረጃው ሥራ የለውም። እንጀራህ የሠርግ ፎቶ ከሆነ ግን እኔ ብሆን ሁለቱም ያለውን ነው የምገዛው።

እርግጥ ያለ መጋረጃ የሚያኮሩ ካሜራዎች አሉ። በ2021 የወጣው ኒኮን ዜድ9 ሴንሰሩ በጣም ፈጣን ስለሆነ ሜካኒካል ሻተር አላስፈለገውም። በ2023 መጨረሻ ይፋ የሆነው ሶኒ ኤ9 ሦስተኛው ደግሞ ምስሉን በሙሉ በአንዴ ያነባል፤ መንጋደድ የሚባል ነገር አያውቅም። ዋጋው ግን ሲወጣ 6,000 ዶላር ገደማ ነበር። ስንት ዕቁብ ይሆን?

ዝምተኛውንም አልናቅኩትም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥርዓተ ተክሊል ሲፈጸም «ቀጭ ቀጭ» እያሉ ሰው መረበሽ ነውር ነው። እዚያ ሰዉ ረጋ ብሎ ስለሚቆምና የመስኮት ብርሃን ስለማይርገበገብ ኤሌክትሮኒኩ ያምርበታል። አዳራሽ ስትገባ ወደ ሜካኒካሉ ትመለሳለህ።

ያገለገለ ካሜራ ከሆነ የምትገዛው፣ የመኪና ኪሎ ሜትር እንደሚጠየቅ ሁሉ «ሻተሩ ስንት መቷል?» በል። መጋረጃ ዕድሜ አለው። ለምሳሌ ሶኒ ለኤ7 ሦስተኛው ሻተር የተናገረው 200,000 ያህል ነው።

ሱቅ ስትገባ ደግሞ አትፈር። ኤሌክትሮኒክ ሻተሩን አብራ፣ ፍጥነቱን 1/500 አድርግ፣ የሱቁን መብራትና ነጭ ግድግዳ አንሳ። ከዚያ ጓደኛህ እጁን እያወዛወዘ አንሳው። ሽንትሩንም መጣመሙንም እዚያው ታየዋለህ፤ ሻጩም ምንም ሊልህ አይችልም። ካሜራ ይለወጣል፤ ሙሽሮችን ግን «ፎቶው ተበላሽቷልና እንደገና ተጋቡልኝ» አይሏቸውም።

ሳምንት በሌላ ጥያቄ እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ።