ከላይ ዋንዛ፣ ከውስጥ ላስቲክ

በየቤታቸው የእንጨት የፎቶግራፍ አልበም የሚሠሩ ወገኖች ድካማቸው ሁሉ በሽፋኑ ላይ ሲያልቅ እናያለን። ዋንዛውን ይልጋሉ፣ ይቀርጻሉ፣ ቫርኒሽ ይቀባሉ፤ ከውስጡ ግን ሙጫ የተቀባ ካርቶንና ላስቲክ ይከቱበታል። ይህ እንጨት የለበሰ የፋብሪካ ዕቃ እንጂ የእጅ ጥበብ ሊባል አይገባውም! ሙጫው እያደር ይበልዛል፤ ፎቶግራፉን ነክሶ ይይዛል፤ የሟች እናት ምስል ሊላቀቅ ሲሞከር ይቀደዳል። «ዘመኑ የሙጫ ነው» የሚሉን አሉ። የብራና ጠራዦች ግን ጥራዙን ከእንጨት ገበታው ጋር ያያያዙት ገበታውን በስተው ክር በማሳለፍ ነው። ክሩ ቢያረጅ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል፤ ብራናው ከ1,300 ዓመት በላይ የኖረው የአባ ገሪማ ወንጌልም በእኛ ዘመን ዳግም ተሰፍቷል። ለአልበሙ አሲድ የሌለው ወፍራም ወረቀት፣ የፎቶግራፉን ማዕዘኖች የሚይዝ የወረቀት ኪስ፣ መርፌና ክር ይበቃል፤ ቫርኒሹ እንኳ ቢቀር ግድ የለም።