እንሞክርና እንወቅ፦ አረፋውን ምን ያፋጥነዋል?

ዛሬ የምንሞክረው ነገር ከወጥ ቤት አያስወጣንም። ልጆችንም እንጥራቸው። እነሱ ይሥሩ፤ እኛ እያነበብን እናሳያቸው።

የሚያስፈልገን ይህ ነው፦ የአንድ እንቁላል ቅርፊት፣ ጥቂት ኮምጣጤ፣ ሁለት ብርጭቆና ሁለት ጎድጓዳ ሳህን። ኮምጣጤ ያልነው ሱቅ ውስጥ አቼቶ የሚባለውን ነው። እሱ ከሌለ የሎሚ ጭማቂ ይሆናል።

መጀመሪያ ቅርፊቱን እንጠበው። ጥፍር በሚያህል መጠን እንሰባብረውና እኩል ለሁለት እንክፈለው። በሁለቱም ብርጭቆ እስከ ግማሽ ድረስ አቼቶ እንጨምር። አንዱን ብርጭቆ የእንስራ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ እናስቀምጥ። ሌላውን እጃችን የሚችለው ሙቅ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ እናስቀምጥ። ውሃው የፈላ አይሁን፤ ልጆች ይቃጠላሉ። አቼቶውንም እሳት ላይ አንጣድ። አሥር ደቂቃ ያህል እንጠብቅ። ከዚያ ቅርፊቱን በሁለቱም ብርጭቆ እኩል እንጨምር። አሁን ዝም ብለን እንይ።

ቅርፊቱ ላይ ትንንሽ አረፋ ይወጣል። በቀዝቃዛው ብርጭቆ ቀስ ይላል። በሙቁ ግን ቶሎ ቶሎ ይወጣል።

ልጆቹ «ፈላ! ፈላ!» ይሉ ይሆናል። አልፈላም። ብርጭቆውን በጣታችን ብንነካው ለብ ያለ ነው እንጂ አያቃጥልም። ታዲያ አረፋው ምንድን ነው? የእንቁላል ቅርፊት የተሠራው ከኖራ ድንጋይ ዓይነት ነገር ነው። ኮምጣጣ ነገር ሲነካው አየር ይወጣዋል። የአየሩ ስም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል። ብዙዎቻችን የተቃጠለ አየር እንለዋለን። ወደ ውጭ ስንተነፍስ ከእኛም ይወጣል።

ሙቀት ለምን አፋጠነው? አቼቶ በዓይን ከማይታዩ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ቅንጣቶቹ ሲሞቁ ይሮጣሉ። ቅርፊቱን ደጋግመው፣ በኃይልም ይመቱታል። ብዙ የኬሚካል ለውጦች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነታቸው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ሙቀቱ ከቅርፊቱ የሚወጣውን አየር አላበዛውም። ቀዝቃዛውም ብርጭቆ ቅርፊቱ ሟሙቶ እስኪያልቅ ቢቆይ ያንኑ ያህል አየር ይሰጣል። ሙቀት የጨመረው ፍጥነቱን ነው።

እናቶቻችን ይህን ያለ ብርጭቆ ያውቁታል። ሊጥ በደጋ ይዘገያል፤ በቆላ ቶሎ ኩፍ ይላል። የሊጡን አረፋ የሚያወጡት በእርሾው ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። ሥራቸው ከቅርፊቱ ይለያል። የሚወጣው አየር ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ ልጆችን እናስጠንቅቅ። አረፋ የሚያወጣን ነገር በጠርሙስ አድርገን አፉን አንድፈን። አየሩ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ሊፈነዳ ይችላል።

አየር መውጫ የሚያጣው ግን በጠርሙስ ብቻ አይደለም። በሐረርጌ ገበሬዎች ማሽላ በመሬት ጉድጓድ ያከማቻሉ። እህል ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል። እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፣ ይሞቃልም። ሲሞቅ እንደ ሙቁ ብርጭቆ የተቃጠለ አየር ቶሎ ቶሎ ያወጣል። ጉድጓዱ ደግሞ ተደፍኗል። የተቃጠለ አየር ከምንተነፍሰው አየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ከታች ይተኛል። ቀለም የለውም፤ በዓይን አይታይም። የገባ ሰው ሳያስበው ራሱን ስቶ ይወድቃል። «ምን ሆነ?» ብሎ ተከትሎት የገባም ይወድቃል።

የዚህ አየር ጉዳት በሌላ አገርም ታይቷል። በ1978 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ በካሜሩን አገር፣ ከኒዮስ ሐይቅ ሥር በሌሊት ብዙ የተቃጠለ አየር ወጣ። ወደ ሸለቆው ወርዶ ከ1,700 በላይ ሰዎችን ገደለ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጉድጓድ በተከፈተ ሰዓት አንግባ። ከፍተን እናቆየው፤ አየሩ ይለወጥ። ፋኖስ በገመድ አስረን እናውርድ። ፋኖሱ ከጠፋ ፈጽሞ አንግባ። ባይጠፋም ደህና ነው ብለን አንመን፤ ለሰው የማይበቃ አየር ለፋኖስ ሊበቃ ይችላል። የሚገባ ሰው ብቻውን አይግባ። ወገቡን በገመድ ይታሰር፤ ጫፉን ከላይ ሁለት ጠንካራ ሰዎች ይያዙት። ሰው ከወደቀ በገመዱ እንሳበው እንጂ ዘለን አንግባ። ልጆች ደግሞ ወደ ጉድጓዱ አፍ አይጠጉ።

አንብበን እንመልስ፦
1. አረፋው በየትኛው ብርጭቆ ፈጠነ? ለምን?
2. የተቃጠለ አየር ከጉድጓድ ሥር የሚተኛው ለምንድን ነው?
3. ሰው ጉድጓድ ውስጥ ቢወድቅ ምን እናደርጋለን?

ሦስተኛውን ጥያቄ ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም እናንብብለት።