ጸሐፊ የተባለችው ጀግና

ጠዋት ልጅ ልታደርሱ ስትሄዱ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥቂት ቆም ብትሉ፣ በትንንሽ ሴቶች ልጆች የደብተር ቦርሳ ላይ ባለ ኮከብ ዘውድ የደፋች፣ በሁለት እጆቿም ሰፋፊ አምባር ያጠለቀች ሴት ታትማ ታያላችሁ። ልጆቹ ዎንደር ውመን ይሏታል። እናት ግን ብዙውን ጊዜ ማንነቷን ሳታውቅ ቦርሳውን ተከራክራ ትገዛለች። በዛሬው አምዳችን ስለዚችው ሴት እናወጋለን።

ዎንደር ውመን የጦርነት ዘመን ልጅ ነች። እ.ኤ.አ. በ1941 መጨረሻ ላይ በአሜሪካ በሚታተም የሥዕል ታሪክ መጽሔት ላይ ብቅ አለች። ደራሲዋ ዊልያም ማርስተን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ነበር። በታሪኩ እንደተጻፈው፣ እናቷ ንግሥት ሂፖሊታ ከሸክላ አፈር አበጀቻት፤ የግሪኮች አምላክ አፍሮዳይት ደግሞ ሕይወት ሰጠቻት። ወንድ ከማይኖርበት ደሴት ተነሥታ፣ አውሮፕላኑ የወደቀበትን አሜሪካዊ መኮንን ይዛ ወደ ጦርነቱ ዓለም ትሄዳለች። የጠላትን ጥይት በአምባሯ ትመልሳለች፤ በወርቅ ገመዷ የታሰረ ሁሉ ይታዘዛታል፤ የምትበርበት አውሮፕላን በዓይን አይታይም።

ታዲያ ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ1942 በዚያው መጽሔት፣ በሌላ ሰው ብዕር፣ የጀግኖች ማኅበር አባል ስትሆን የተሰጣት ሥራ ምን ይመስላችኋል? ጸሐፊነት! ወንዶቹ ጀግኖች ሊዋጉ ሲሄዱ እርሷ ጽሕፈት ቤት ትቀር ነበር። በመሥሪያ ቤታችሁ ስብሰባ ተከፍቶ “ቃለ ጉባኤ ማን ይያዝ?” ሲባል የሁሉም ዓይን ወዴት እንደሚዞር ታውቁታላችሁና ብዙ ማብራራት አያሻም።

የሚደንቀው ግን የተገላቢጦሹ ነው። ማርስተን በኒው ዮርክ በአንድ የጽሕፈት ሥራ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ጆይ ሃመል የምትባል የ19 ዓመት ተማሪውን የፈተና ወረቀት አይቶ ቀጠራት። በዚያው ዓመት እርሱ በፖሊዮ ታመመ። የትየባ ሥራ የጀመረችው ወጣት ታሪኮቹን ራሷ ትደርስ ጀመር፤ ከ70 በላይ ጽፋለች። በመጽሔቱ ላይ የሚታተመው ስም ግን ቻርልስ ሞልተን የሚል የወንድ የብዕር ስም ነበር። በአማርኛ ጸሐፊ ስንል ደራሲውንም ደብዳቤ የሚተይበውንም ማለታችን ነው። ለጆይ ሁለቱም ሥራዋ ነበር፤ የደራሲነቱ ስም ግን አልደረሳትም።

ማርስተን እ.ኤ.አ. በ1947 ሞተ። ጆይም በዚያው ዓመት ባል አግብታ፣ የባሏን ትንሽ ልጅ ለማሳደግ ሥራዋን ተወች። በዚህ ልትወቀስ አይገባም፤ እናት የሌላትን ሕፃን ማሳደግ ከማንም ታሪክ አያንስም። የሚያሳዝነው ስሟ አብሯት ቤት መቅረቱ ነው። ያን ጊዜ ብዙ አሜሪካውያት፣ ወንዶቹ ሲዘምቱ የገቡበትን የፋብሪካ ሥራ ወታደሮቹ ሲመለሱ እንዲለቁ ተደርገዋል። በመጽሔቱም ስለ ፍሎረንስ ናይቲንጌልና ስለ ሌሎች እውነተኛ ሴቶች ይተርክ የነበረው ገጽ፣ ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ስለ ሠርግ ልማድ በሚያወሳ ጽሑፍ ተተካ።

ልጃችሁ ማታ ቦርሳዋን አስቀምጣ ስለ ሥዕሏ ሴት ስታወራችሁ፣ የአምባሩንና የገመዱን ነገር ከናንተ የበለጠ ታውቀው ይሆናል። የጆይን ነገር ግን የምትነግሯት እናንተ ናችሁ። ጆይ ሃመል ለድርሰት ሥራዋ ቢል ፊንገር የተባለውን ሽልማት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ዕድሜዋ 94 ነበር፤ ሥራዋን ከተወች 71 ዓመት ሆኗት ነበር።