ውሻ ያዙ!

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብላችሁ ገጠር ዘመድ ልትጠይቁ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። እንግዳ ዘው ብሎ ግቢ አይገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች! ኧረ ውሻ ያዙ!» ይላል። ባለቤቱም ብድግ ብሎ ይይዛል። ማንም ያልጻፈው ሕግ ነው። የእንግዳው ድርሻ መጣራት ብቻ፣ መያዝ የባለቤቱ።

ከተማ ስንገባ ነገሩ ተገለበጠ። ሌሊት ሌባ ሲያባርር «የኔ ውሻ» ነው። ሲነጋ በሩ ይከፈትለትና አስፋልት ላይ ይውላል። ተማሪ የነከሰ ቀን ግን «የማን እንደሆነ እንጃ!» ለመሆኑ መንገድ ላይ ቆመን «ውሻ ያዙ!» የምንለው ማንን ነው?

ባለቤቱ ሲገኝም ምክንያት አያልቅበትም። «ሰንሰለቱን በጥሶ ነው»፣ «ነክሶ አያውቅም ነበር»። ወገኖቻችን፣ ይህ ምክንያት ከ1952ቱ ሕግ ወዲህ አይሠራም! የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2071 እንስሳው ድንገት ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። በቸልተኝነት ሰው ላይ የአካል ጉዳት ማድረስ ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስከስሳል።

እኛ ዘንድ ግን ሽማግሌ ገብቶ «ውሻ ነው፣ ምን ይደረግ» ተብሎ ይታለፋል። ወጪውስ? የተነከሰው ይቻለው! የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። መከላከያው ክትባት ደግሞ በአንድ መርፌ አያልቅም፤ በተለያዩ ቀናት ይደጋገማል። ከገጠር ቀበሌ ልጁን ይዞ ለሚመጣ ገበሬ እያንዳንዱ መርፌ የቀን ሥራና የመኪና ሂሳብ ነው። የሰው ውሻ ዕዳ ይከፍላል!

«ታዲያ መርዝ ይበተን» የሚሉ አሉ። አንስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የበሽታውን መዛመት የሚገታው ከ100 ውሾች ቢያንስ 70ውን መከተብ ነው እንጂ በጅምላ መግደል አይደለም። ደግሞስ በሩን የከፈተው ሰው ሆኖ ሳለ ፍርዱ ውሻው ላይ ለምን ይወርዳል?

የምንለው አጭር ነው። ውሻ ያለው ይሰር፣ ያስከትብ፤ ነከሰ ሲባልም «የኔ ነው» ብሎ ያሳክም። የተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብና ወደ ሕክምና ይሩጥ። ከዚያ ካሳውን ይጠይቅ። ካሳ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ መብት ነው።

እስከዚያው እኛም ከአጥሩ ውጭ ቆመን እንጣራለን፦ ኧረ ውሻ ያዙ!